ኮረብታው ከሰማይ ሲታይ

«ኧረ ወንበሮቹን ከበሩ ፈቀቅ አድርጓቸው! ሰዉን በመስኮት ልታስገቡት ነው እንዴ?»

ተናጋሪዋ ባለ ወፍጮዋ ናት። ለቅሶ ቤት ገብታ ዝም ማለት አይሆንላትም፤ ዝም ያለች ቀን የታመመች ይመስላታል። ወንበሮቹን ከጭነት መኪናው ላይ አራት አራት እያደረገ የሚያወርደው የሟች ሚስት ታላቅ ወንድም ነበር። ከማለዳ ጀምሮ አልተቀመጠም። ውሃ የቀዳ እሱ፣ ግቢውን የጠረገ እሱ፣ ቡናውን በፔርሙስ እያዞረ የቀዳ እሱ። ቀኝ እጁ ከመዳፉ እስከ አንጓው በነጭ ጨርቅ ተጠምጥሟል፤ ጨርቁ ቀኑ በገፋ ቁጥር ነጭነቱን እየተወ ሄዷል።

«እጅህን ደግሞ ምን ነካው?» አለችው ሲያልፍ።

«በር ነው።»

«የምን በር ነው እንዲህ የሚናከስ?»

የያዛቸውን ወንበሮች ግድግዳ ለግድግዳ ደርድሮ ሌላ ሊያመጣ ወጣ።

ሚስትየዋ ሳሎኑ ጥግ ካለው ሶፋ ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። አንደኛ ክፍል ታስተምራለችና ትንሽ ትልቁ «አስተማሪዋ» ይላታል። ወንበሮቹም ከትምህርት ቤቷ የተዋሱ ናቸው። ስድስቱ በስህተት የልጆች ወንበር ስለነበሩ፣ ዕጣው የወደቀበት ለቀስተኛ ጉልበቱን ከአገጩ ጋር አገናኝቶ ያዝናል።

«ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አለች ባለ ወፍጮዋ ወደ አስተማሪዋ ጆሮ ተጠግታ፣ ሳሎኑ በሙሉ በሚሰማው ሹክሹክታ። «የእኔዎቹ ቢሆኑ ኖሮ ይሄኔ ምሳ ደረሰ ወይ እያሉ ነበር።»

አስተማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ባሏን የገደለው ይኸው ወንበር የሚደረድረው ወንድሟ መሆኑን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ቢያንስ እንደዚያ መስሏታል። ለማንም አልተናገረችም። ለፖሊስም አልተናገረችም። ለራሷ ግን ሦስት ቀን ቆርጣለታለች፦ ለቅሶው እስኪያበቃ ራሱ አፉን ከፍቶ ይናገር። ራሱ ከተናገረ ወንድሟ ነው። ካልተናገረ ምን እንደሚሆን ገና አላወቀችም።

ሟቹን አገሩ ሁሉ «ባለ ጎማው» ይለው ነበር። የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ መሬት ለኪ ነው። ረጅም የብረት እጀታ ያላት፣ መሬት ላይ ሲገፏት «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለች ሜትር የምትቆጥር አንዲት ጎማ ነበረችው። መንግሥት ድጎማ የሚከፍለው ገበሬው ባረሰው መሬት ልክ ነው፤ ልኩን የሚያውቀው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ቀልደኞቹ «ድጎማ ያለ ጎማ አይመጣም» ይሉት ነበር። በሰማው ቁጥር እንደ አዲስ ይስቃል። ራሱ ቀልድ አይችልም፤ የሰው ቀልድ ግን አይሰለቸውም።

ሌሎቹ ለኪዎች መንገድ ዳር ቆመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው «ይሄ ይሄን ያህል ይሆናል» ብለው ጽፈው ይሄዳሉ። እሱ ግን እያንዳንዱን ጉብታ ይወጣል፣ እያንዳንዱን ስርጓጉጥ ይወርዳል። «መሬቱ የሄደበት ሁሉ እሄዳለሁ» ነው የሚለው። የኮረብታው ገበሬዎች በዚህ ይወዱታል፤ በሥራ ዘመኑ እንደ ፍየል ዳገታቸውን የወጣላቸው ብቸኛው የመንግሥት ሰው እሱ ነበር። ቤትም ውስጥ ዐመሉ ያው ነው። ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ውሃው ቧንቧ ስንት እርምጃ እንደሆነ ያውቃል።

«እኔንስ ለክተኸኛል?» ትለዋለች አስተማሪዋ።

«አንቺን ገና አልጨረስኩም።»

ያገናኛቸውም ወንድሟ ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ባለ ጎማው የወንድሟን መሬት ሲለካ ዝናብ ያዘው። የኮረብታው ቀጥ ያለ ገጽ ላይ ያለ፣ ላም ቆማ ለመጋጥ የምትቸገርበት መሬት ነው። ወንድምየው ሰውየውን እየጎተተ ቤት አስገባው። እሷ ትምህርት ተዘግቶ እዚያው ነበረች። የገባው እንግዳ ውሃ እንደ ቦይ ከላዩ እየወረደ፣ ፎጣ ስትሰጠው ፊቱን ትቶ መጀመሪያ ጎማዋን አደረቀ። ወንድሟ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ሸኝቶት ሲመለስ ግን፣ «ይሄን ሰውዬ አግቢው» አላት። «ለብረት እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ሚስቱን አይጥልም።»

አልጣላትም።

ነገሩ የተበላሸው በደብዳቤ ነው። ድጎማው ከዘንድሮ ጀምሮ በጎማ ሳይሆን ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ይለካል ተባለ። ፎቶው ተነሣ፤ የሜዳው ገበሬዎች መሬት ድሮ ከተለካው ጋር ልክክ አለ። የኮረብታዎቹ ግን የሁሉም አነሰ። ሃያ አንድ ገበሬ፣ አንድ ሳይቀር። ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤ ደረሳቸው፦ ካላችሁ መሬት በላይ ስትወስዱ ኖራችኋልና የአምስት ዓመቱን ትርፍ ትመልሳላችሁ፣ የዘንድሮውም ታግዷል። ደብዳቤው ሌባ አላላቸውም። «ያልተገባ ጥቅም» ነው ያለው። ገበሬ ግን ቋንቋ ይገባዋል።

ባለ ጎማው ሦስት ቀን ምግብ አልበላ አለ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አንጥፎ፣ የድሮ መዝገቦቹን ከምሮ፣ እየጻፈ ይሰርዛል። በሦስተኛው ቀን አስተማሪዋ ከሥራ ስትመለስ ብቻውን ሲስቅ አገኘችው።

«ጠፍጣፋ ነው!» አላት። «ከሰማይ ሲያዩት ኮረብታው ጠፍጣፋ ነው! ፎቶው ዳገት አይወጣም። እኔ ዳገቱን ወጥቼ፣ ወርጄ ነው የለካሁት። እሱ ከላይ ቁልቁል አየና እንደ ሜዳ ቆጠረው። ማንም አልሰረቀም!»

«ለጽሕፈት ቤቱ ጻፍላቸዋ።»

«ጽፌያለሁ። ገበሬዎቹ ግን መልስ እስኪመጣ በምን አንጀታቸው ይጠብቃሉ? ነገ ለአቤቱታ ይሰበሰባሉ። ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰባ ሰው ነበር። ኃላፊው ቢሮውን ከውስጥ ቆልፎ ተቀምጧል። ባለ ጎማው ጎማዋን ይዞ ደረጃው ላይ ወጣ። ጎማዋን ለምን እንደያዘ እንጃ፤ ያለሷ ሲናገር እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር መሰል። ከኪሱ አንድ ነጭ ወረቀት አወጣ።

«ይህ ወረቀት መሬታችሁ ነው እንበል» አለ። «ተመልከቱ። ሲዘረጋ ይሄን ያህል ነው።» መሃሉን አጥፎ እንደ ጣራ ክዳን አቆመው። «አሁን ኮረብታ ሆነ። ከላይ ሲያዩት ጠበበ፣ አይደል? ግን ከወረቀቱ የተቆረጠ ነገር አለ? የለም! ወረቀቱ ያው ነው!»

ከፊት የነበሩት ተያዩ። ከኋላ የነበሩት የሰሙት ነገር የለም፤ ያዩት አንድ የመንግሥት ሰው ደረጃ ላይ ቆሞ፣ ፈገግ ብሎ፣ ወረቀት ሲያጣጥፍ ነው።

«ቤታችን እየፈረሰ ይሄ ወረቀት ይጫወታል!» አለ አንዱ።

ወንድሟ ከመሃል እየገፋ ወጣ። የዘንድሮውን ዘርና ማዳበሪያ ድጎማውን ተማምኖ በዱቤ ያወጣ ሰው ነው። ባለዱቤው በዚያው ጠዋት በሰው ፊት ሌባ ብሎት ነበር። «አንተ አይደለህም የለካኸው?» አለ። «ሌባ ያደረግከኝ አንተ ነህ!»

«ጋሼ፣ ቆይ እየው፣ እንደገና ላጥፈው...»

ጎማዋን ነጥቆ በእጀታው መታው። አንድ ጊዜ ትከሻውን፣ አንድ ጊዜ ጭንቅላቱን። በሁለተኛው እጀታው ለሁለት ተሰበረ። ባለ ጎማው ከደረጃው ወርዶ በግንባሩ ሲሚንቶው ላይ ተደፋ፤ ከዚያ በኋላ የማን እግር እንደሆነ የማይታወቅ እግር ሁሉ ወረደበት። አጥንት ሲሰበር ድምፁ እንደ ደረቅ አገዳ ነው። ግቢው ጸጥ ሲል ሰው ሁሉ በሩን ፈለገ። ወደ ኋላ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ ቀውላላው። የወንድሟ የመሬት ጎረቤት ነው። የወደቀውን ሰው ብቻውን ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ ሮጠ፤ ሸሚዙም በደም ራሰ።

ፖሊስ ሰባውንም ጠየቀ። ሰባውም በዚያች ደቂቃ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ሲያስሩ ነበር። ወፍጮ ቤቷ ከግቢው ፊት ለፊት የሆነው ባለ ወፍጮዋም፣ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሰው ትዳር የሚታያት ሴት፣ በዚያች ደቂቃ ዱቄት ዓይኗ ገብቶ ነበር።

ባለ ጎማው ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ቀን ቆየ። ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ ጠፍተዋል። ከንፈሩ ስለተሰነጠቀ ቃላቱ እየተጣበቁ ነበር የሚወጡት።

«ጋሼን...» አላት። ወንድሟን እሱም እንደ እሷ «ጋሼ» ይለው ነበር። «ጋሼን ክትባት ይውሰድ በይው።»

የሚቃዥ መሰላት። «የምን ክትባት?»

«እጀታው ሲሰበር እጁን ቆረጠው። ብረቱ ዝጓል። የቲታነስ... ቶሎ ነው የሚወሰደው።»

አስተማሪዋ እጁን ይዛ ተቀመጠች። «እሱ ነው? ጋሼ ነው?»

«አልገባውም እኮ» አለ። «ወረቀቱን ቶሎ አጠፍኩት።»

በማግስቱ ጠዋት ሞተ።

በለቅሶው የመጀመሪያ ቀን ከሰዓት በኋላ የሟች ታናሽ ወንድም ደረሰ። ሌላ ከተማ ልኳንዳ አለው። መርዶውን የሰማው በሬ ሲበልት ነው፤ ሽርጡን ከነቢላው ጠቅልሎ ብብቱ ሥር እንደያዘ አውቶቡስ ላይ ወጣ። ወንዶቹ ሊያቅፉት ሲነሡ አልፏቸው አስተማሪዋ ፊት ቆመ። አንገቱ ከጭንቅላቱ ይወፍራል።

«እትዬ፣ ማን ነው?»

«ተቀመጥ እስቲ። ውሃ ጠጣ።»

«ማን ነው አልኩ!»

«ፖሊስ እያጣራ ነው።»

«ፖሊስ!» ያቀበሉትን የሻይ ብርጭቆ በመዳፉ ውስጥ ጨመቀው። ብርጭቆው ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ደምና ሻይ በክንዱ ወረደ። «እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው። አባታችን ሲሞት በእርምጃ ለክቶ እኩል አልጋ፣ እኩል ዳቦ የሰጠኝ እሱ ነው። የገደለውን ሳላገኝ ከዚህ ቤት ብሄድ ሰው አይደለሁም።»

ብርጭቆውን የለቀመው ወንድሟ ነበር። ተንበርክኮ፣ በደህናው እጁ፣ አንዱንም ስባሪ ሳይተው።

በሁለተኛው ቀን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከረባት አስሮ መጣ። ዕድለ ቢስ ሆኖ የደረሰው ከልጆቹ ወንበሮች አንዱ ነው። እንደምንም ሚዛኑን ጠብቆ፣ ጽሕፈት ቤቱ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ገለጸ። በጣም ጥልቅ ስለነበር ከወረቀት ነበር የሚያነበው።

አስተማሪዋ ጨርሶ እስኪያጥፈው ጠበቀችው። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የጻፈላችሁን ደብዳቤ አነበባችሁት?»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «አንብበነዋል። በእውነቱ... ባለቤትዎ ልክ ነበሩ። ስሌቱም ተረጋግጧል።»

ፔርሙስ ይዞ ያልፍ የነበረው ወንድሟ ባለበት ቆመ።

«ታዲያ ገበሬዎቹ አይከፍሉማ?»

«እንግዲህ... አሠራሩ የሚቀበለው የሰማዩን ነው። ወደፊት ይታያል። ለበላይ አካል...»

ንግግሩን አልጨረሰም። ባለ ልኳንዳው ከረባቱን እጁ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ ጎተተው። የኃላፊው ፊት የቡና ጠረጴዛው ላይ ጓ አለ፤ ሲኒዎቹ ተራገፉ። «ልክ ነበር? ልክ መሆኑን እያወቅህ ከውስጥ ቆልፈህ ነው የተቀመጥከው?» አንድ ጊዜ ደገመው። ሦስተኛውን ሊያሳርፍ ሲል ወንድሟ ከኋላ ወገቡን ይዞ ጎተተው፤ ጭንቅላቱ በባለ ልኳንዳው ክርን ሲመታም አልለቀቀም።

«ልቀቀኝ ጋሼ!» እያለ ባለ ልኳንዳው እንደ ልጅ ያለቅሳል። «አንተስ ወንድምህ አልነበረም?»

ኃላፊው አፍንጫውን በሐዘን መግለጫው ወረቀት ይዞ ወጣ።

ባለ ወፍጮዋ የሰበሰበችውን የሲኒ ስባሪ ልትደፋ ስትሄድ፣ አስተማሪዋ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቷት የውሃ ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብሏል። የተጠቀለለው ጨርቅ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል።

«ጋሼ» አለችው። «ክትባቱን ወሰድክ?»

«የምን ክትባት?»

«ብረቱ ዝጓል ብሎሃል። ቶሎ ይውሰድ በይው ብሎኛል።»

ውሃው ይፈስሳል። ዘወር አላለም። ትከሻው ብቻ፣ ከባድ ነገር እንደተጫነበት፣ ቀስ እያለ ወረደ። አስተማሪዋ ጠበቀች። ትምህርት ቤት መልሱን የሚያውቅ፣ ግን አፉ የተሳሰረበት ልጅ ፊት እንዲህ ነው የምትቆመው።

«እታለም...» አለ።

«አቤት።»

ከሳሎን ባለ ልኳንዳው ቢላውን በምን ላይ እንደሆነ እንጃ ሲስል ይሰማል። ሺክ። ሺክ። ወንድሟ ውሃውን ዘጋ።

«ቡናው ሳይቀዘቅዝ ላድርሰው» ብሎ አጠገቧ አልፎ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰዓቱ ወደ ቀትር ሲል፣ ቀውላላው መጣ። በበሩ ሲገባ እንደ ልማዱ አንገቱን ሰበረ፤ ቁመቱ ዕድሜ ልኩን በር ሲያስጎነብሰው ኖሯል። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ አስተማሪዋ ፊት ቆመ።

«እግዜር ያጥናሽ። ሩጫዬ አልደረሰም» አላት። «ትንሽ ቀድሜ ቢሆን...»

«እግዜር ይስጥልኝ። ተሸክመኸው እንደሮጥክ ነግረውኛል።»

ባለ ወፍጮዋ ይህን አልሰማችም። እሷ የምታውቀው ሰውየው ያን ቀን በሸሚዙ ደም መንገድ ላይ መታየቱን ነው። አጠገቧ ያለው ባለ ልኳንዳው መሆኑን ረስታ፣ ወይም ሳትረሳ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጋርዳ «ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ! ልብሱ ደም ብቻ ነበር እኮ» አለች።

ባለ ልኳንዳው ተነሣ።

ቀውላላውን ከኋላ ማጅራቱን ይዞ እየጎተተ ግቢ አወጣው። የመጀመሪያው ቡጢ መንጋጋው ላይ አረፈ። ረጅሙ ሰው እንደተቆረጠ ባህር ዛፍ በቁሙ ተገንድሶ ወንበሮቹ ላይ ወደቀ፤ ሁለቱ ከሥሩ ተሰባበሩ። ባለ ልኳንዳው ደረቱ ላይ ተቀመጠበት። ሥራውን የሚያውቅ እጅ ነው፤ የሚመታው የት ላይ ስስ እንደሆነ እየመረጠ ነው።

«አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው? እዚያው ነበርክ! ማን ነው?»

«አላየሁም።»

ቡጢ። ከንፈሩ ተተረተረ። «ማን ነው?» ቡጢ። ቀውላላው ጥርስ ከደም ጋር ተፋ። ክንዶቹ ሁለት ሰው የሚያቅፉ ናቸው፤ ግን አንድ ጊዜም አላነሣቸውም። «አላየሁም» አለ እንደገና፣ በተሰበረ አፉ። ባበጡት ዓይኖቹ ስንጥቅ ወደ በሩ አየ። ያየው ወንድሟን አልነበረም። ያየው አስተማሪዋን ነው፤ ሰምታ እንደሆነ፣ ገብቷት እንደሆነ። ያን ጊዜ ነው የገባት። ይህ ሰው ያውቃል። ጥርሱን እያስወለቀ የሚሸሽገው ለወንድሟ ብሎ ሳይሆን እሷ እንዳታውቅ ነው፤ ባሏን የቀበረች ሴት ወንድሟንም እንዳትቀብር።

ወንድሟን ፈለገችው። ከግድግዳው ጥግ ወንበር እንዳቀፈ ቆሟል። አፉ ተከፍቷል። ቡጢው ሲያርፍ ፊቱ ይጨማደዳል፤ የተመታው እሱ ይመስላል። ግን ድምፅ አልወጣውም። አስተማሪዋ አንድ ቡጢ ጠበቀችው። ሁለተኛ ጠበቀችው። በሦስተኛው የቀውላላው ራስ ወደ ጎን ዘመም አለና ዝም አለ።

«ተወው!» አለች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ አርባ ልጅ የሚያስቀምጠው ድምፅ ነበር። «ተወው። ጋሼ ነው።»

ባለ ልኳንዳው ቡጢውን አየር ላይ አቆመ። «የቱ ጋሼ?»

«ያንተም ጋሼ፣ የእኔም ጋሼ። ባሌን ያመጣልኝም እሱ ነው፤ የወሰደብኝም እሱ ነው።»

ወንድሟ ወንበሩን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው፤ አስቀምጦ ደግሞ አስተካከለው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሌባ ተብዬ ነበር የመጣሁት። ፈገግ ብሎ ወረቀት ሲያጥፍ... የሳቀብኝ መሰለኝ። ልናገር ብዬ... ሦስት ቀን ሙሉ ልናገር ብዬ...»

ባለ ልኳንዳው ወገቡ ላይ የሸጎጠውን የሽርጥ ጥቅል ፈታ። ቢላው ብልጭ አለ። ሴቶቹ ጮኹ። ወንድሟ አልሸሸም፤ እጆቹን እንኳ አላነሣም። ባለ ልኳንዳው ሸሚዙን አንገትጌው ላይ ጨምድዶ ሲስበው ቁልፎቹ ተፈናጠሩ፤ ቢላው ተነሣ። አስተማሪዋ ወደ መሃል ስትወረወር ጫፉ ክንዷን ጫረና አለፈ። እንደገና ሲነሣ ግን የሞተ የመሰለው ቀውላላው ከመሬት ላይ እነዚያን ረጃጅም ክንዶች ዘርግቶ የባለ ልኳንዳውን ሁለት እግር አንድ ላይ አቀፈ። ግዙፉ ሰውዬ በደረቱ ተዘረጋ። ቢላው ተፈናጥሮ ሲወድቅ አስተማሪዋ በእግሯ ረገጠችው። ሊነሣ ሲታገል ባለ ወፍጮዋ፣ ይህን ያመጣው ምላሷ መሆኑ ገብቷት ይሁን ወይ ወንበር አጥታ፣ ጀርባው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ የሚነሣ ሰው አልተፈጠረም።

«አልቅስ» አለችው፣ እሷም እያለቀሰች። «ወንድምህ ነው፣ አልቅስ። ከላይህ አልነሣም።»

ባለ ልኳንዳው አፈሩን ነክሶ አለቀሰ።

ፖሊስ ሲደርስ መንደሩ በሙሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ያን ቀን ጫማውን ያስር የነበረው ሁሉ ዛሬ ቀና ብሏል። ቀውላላውን በብርድ ልብስ አድርገው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ከመጫኑ በፊት አስተማሪዋን ፈልጎ «ይቅርታ» አላት፣ የምን ይቅርታ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ወንድሟ እጆቹን ዘርግቶ ፖሊሱ ፊት ቆመ። ሸሚዙ ከላይ እስከ ታች ተበርግዶ ደረቱ ይታያል፤ ሽበት የጀመረው፣ የከሳ ደረት። አጥሩ ላይ ያለው ሕዝብ አፍጥጦ ያየዋል። በአንድ እጁ ሊሰበስበው ሞከረ፤ ፖሊሱ እጁን መልሶ ያዘው።

አስተማሪዋ ከክንዷ ደም እየተንጠባጠበ ተራመደች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። በጥፊ ልትለው ነው ያለም ነበር፤ ልትተፋበት ነው ያለም ነበር። ፊቱ ቆመች። ዓይኑን አላየችውም።

የሸሚዙን ሁለት ጠርዝ ያዘች። የቀሩት ቁልፎች አራት ናቸው። ከላይኛው ጀምራ ቆለፈች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ አንዱ ጠርዝ ከሌላው ረዝሞ ተገኘ። ተዛንፎባታል።

«ይበቃል፣ እመቤቴ» አለ ፖሊሱ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አስተማሪዋ አራቱንም ፈታቻቸው። ሁለቱን ጠርዝ እኩል አድርጋ ያዘችና፣ እንደገና፣ ከታች ጀመረች።